የጠሪቅ ቴሌቪዥን ታሪክና የአባመጫ ሕመም

ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ፣ ቤይሩት
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ሪሀና፣

አሰላሙ አለይኩም። አንቺ፣ ባልሽ፣ አማትሽ፣ አጋሮ ውስጥ ያለው ዘመድ ሁሉ ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል። ማሪያ ደህና ናት፣ እየሳቀች ሰላም ትልሻለች።

ድምፅ አትላኪ፣ በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ ማለትሽ ገብቶኛል። አማትሽ ስልክሽን ግቢው መሃል አስቀምጠው ለጎረቤት የሚያሰሙ ከሆነ ወረቀት ይሻለናል። እሳቸው ማንበብ እስኪለምዱ ድረስ ሰላም እናገኛለን።

የጣቢያውን ታሪክ ለምን እንዳዘገየሁ ጠይቀሻል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ኅዳር ላይ አምስት ዓመት ይሞላናልና በስርጭት የሚነበብ ታሪክ ጻፊ ስትይኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሌሎች ጣቢያዎች ታሪካቸውን ሲያወሩ ሕንፃ አለ፣ አንቴና አለ፣ መርቆ የከፈተ ሚኒስትር አለ። እኛ ያለን የማሪያ ስልክ ነው። እስካሁን የጻፍኩት ይኸውልሽ፤ ካልወደድሽው ንገሪኝ።

«ጠሪቅ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዶላር የጠፋበት፣ ማዳሞች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በር ላይ ያስቀመጡበት ጊዜ ነበር። አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ከቤት ቤት እየዞሩ የሚያጸዱ ሦስት ሴቶች አንድ ቀን መዝረዓ መንገድ ዳር የተጣለ ውስጡ ባዶ የቴሌቪዥን ሳጥን አገኙ። ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል ብለው ወደ ቤት ወሰዱት። ማታ ሪሀና ለቀልድ ፊቷን በሳጥኑ ውስጥ አስገብታ ‹እንደምን አመሻችሁ፣ ዜና እናሰማለን› አለች። ማሪያ በስልኳ ቀረጸቻት። ሪሀናም የትኛው ሰፈር መብራት እንዳለው፣ ወደ አገር ቤት የሚመልሰው አውሮፕላን ምዝገባ የት እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደምትፈልግ ተናገረች። በማግስቱ ቤይሩት ያለች የአገራችን ልጅ ሁሉ አይታው ኖሮ፣ ቀጣዩ ዜና መቼ ነው እያሉ ይደውሉልን ጀመር። ዜና አንባቢዋ ለማግባት ወደ አገሯ ስትመለስ ሀዲያ ተተካች።»

እኔን የተካችሁኝ ቁንጅናዬን አይታችሁ ሳይሆን ሳልደናቀፍ ስለማነብ ነው። ፊደል የለየሁት ከሊል፣ አላህ ይማረውና፣ ከከሚሴ በሚልክልኝ ደብዳቤ ነበር። የባሌን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሲያነብልኝ እያፈርኩ በራሴ ጊዜ ተማርኩ። መልስ መጻፍ ስለምድ ግን እሱ አልነበረም። ይኼ ታሪኩ ውስጥ አይገባም።

ዶሮ ጠባሹን አባስንም ማስገባት አለብኝ። ከሱቁ የመብራት መስመር የሰጠን እሱ ነው። በምትኩ በየሳምንቱ ዶሮው ትኩስ እንደሆነ በዜናው መጀመሪያ ላይ እናገራለሁ። ጦርነት ሲሆንም፣ ዶላር ሲወድቅም፣ የእኛ ዋና ዜና የአባስ ዶሮ ነው።

ብዕሬ የቆመው ስለ ደንባችን ስጽፍ ነው። ታስታውሻለሽ፤ አንድ እሑድ የሰው ሞት እንደ ሌላው ዜና አንብበሽ፣ ዘመዷ የሞተባት የመዝረዓ ልጅ ካውያ በእጇ እንደያዘች ወደቀች። የማዳሟ ሸሚዝ ተቃጠለ፣ እሷም ተቃጠለች። ከዚያ ወዲህ መርዶ በስርጭት አይነገርም አልን። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው፤ እዚህ ባዕድ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ላለች እንዴት እንዲያው ይወረወርባታል? ስለዚህ «ትንሽ አሟቸዋል» እንላለን። የሰሙት ሴቶች ቶሎ ብለው ወደ ልጅቷ ይሄዳሉ። ከበው ከያዟት በኋላ ነው የሚነገራት። ጥሩ ደንብ ነበር።

እንግዲህ ያለፈው እሑድ የመጣብንን ልንገርሽ። ቨርደን ሰፈር ካንድ ማዳም ጋር የምትኖረው የሰፈርሽ ልጅ ሙና፣ አባቷ አባመጫ ስልክ አላነሳ ብለዋት ተጨንቃ ነበር። እኔም አንቺን ጠየቅኩ። አንቺም «አባመጫ ትንሽ አሟቸዋል፣ አታስቢ በዪያት» ብለሽ ላክሽልኝ። እኔ የጻፍሽውን እንዳለ በስርጭት አነበብኩ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ጉንፋን መስሎኝ። ሳነብ ማሪያ ፊቷን ከስልኩ ጀርባ ደበቀች፤ እየሳቀች መሰለኝ። እያለቀሰች ኖሯል።

በጣቢያችን ታሪክ «ትንሽ አሟቸዋል» ካልናቸው ሰዎች አንድም የዳነ የለም፣ ሪሀና። ይህን ያስታወስኩት ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ማምሻውን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሩዝ በትሪ ተሸክመው ቨርደን ገቡ። የሕንፃው ዘበኛ ሰልፍ የወጡ መስሎት በሩን ዘጋ። አባስ የተጠበሰ ዶሮ ላከ። ማዳሟ ሳሎኗን ከፍታ እሷም አለቀሰች፤ ትኬትም ልግዛልሽ አለቻት። እኔ ስደርስ ሙና መሬት ላይ ተቀምጣ አባቷን እያነሳች እየጣለች ታለቅሳለች። «አልሞቱም፣ ጉንፋን ነው» ብል ሁሉም በአዘኔታ አዩኝ። አንዷ እጄን ይዛ «እትዬ ሀዲያ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አሁንማ ሰምታለች» አለችኝ።

ሙና አሁን ኮንትራቷን አፍርሳ ከሄደች መመለሻ የላትም። የልጇ የሻፊ የኮሌጅ ትምህርት በእሷ ደመወዝ ነው የቆመው፣ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ አባመጫን በዓይንሽ አይተሽ ጻፊልኝ።

እህትሽ ሀዲያ


አጋሮ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ሀዲያ፣

ወአለይኩም ሰላም። እኛ ደህና ነን። አማቴ ደህና ናቸው፣ ስልኬ ለምን ድምፁ እንደጠፋ ባሌን ይጠይቁታል።

መጀመሪያ ስለ ታሪኩ። ሳጥኑን «አገኙ» ብለሽ ጽፈሻል። ማን አገኘው? እኔ ነኝ ያገኘሁት። ማሪያ «ተይው፣ በረሮ አለበት» ብላ ነበር። አንቺ ደግሞ ሰው ያየናል ብለሽ ከኋላችን እንደማታውቂን ሆነሽ ነው የሄድሽው። ታሪክ ከሆነ በትክክል ይጻፍ።

አባመጫን አየኋቸው። ወላሂ አየኋቸው። በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ይበላሉ፣ ቀለማቸው ከድሮው የተሻለ ነው። ወላሂ ምንም አልሆኑም። ስልካቸውም ተበላሽቶ ነው። ወላሂል አዚም ደህና ናቸው። ቪዲዮ ቀርጬ ልኬልሻለሁ፣ ለሙና አሳዪያት። ደውላም ታናግራቸው።

ለምን «ትንሽ አሟቸዋል» እንዳልኩ ጠይቀሽኛል። እሱን ተዪው። ሌላም አትጠይቂኝ።

ማሪያን ሳሚልኝ። ለአባስም ሰላም በዪው፤ ዶሮው ግን አልናፈቀኝም።

ሪሀና


ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ሪሀና፣

ሰላምታዬ ይብዛልሽ። ስለ ሳጥኑ ይቅርታ፣ አስተካክዬዋለሁ። ከኋላ መሄዴንም እጽፋለሁ፣ ካልሽ።

የላክሽው ሁሉ አልሠራም። ደብዳቤሽን ቨርደን ወስጄ ለሙና አነበብኩላት። ጨርሳ ሰማችኝና «ደህና ከሆነ ለምንድነው ይህን ያህል የምትምለው?» አለች።

ቪዲዮውን አሳየኋት። ኮቱን ያለፈው አረፋ ጊዜም ለብሶት ነበር፣ ይህ የቆየ ነው አለች። ሰውየው አንድ ኮት ነው ያላቸው አልኳት። እሱንም አላመነችም። አባመጫ ራሳቸው ሲደውሉላት ደግሞ «አጎቴ አባፊጣ ነው፣ ድምፃቸው አንድ ነው» አለችኝ። ያኒ፣ አባቷን «አጎቴ፣ አላህ ያጽናህ» ብላ ዘጋችባቸው። እሳቸውም ምን ማለታቸው እንደሆነ አላውቅም፣ ከመዝጋቷ በፊት «ገና ነው፣ ልጄ» ብለዋታል።

አልፈርድባትም። እናቷ የሞቱ ጊዜ እኛው ነን «ቪዲዮ አለ፣ ተሽሏቸዋል» ያልናት። እኔም ነበርኩበት። ለአምስት ዓመት ሰው እንዳይጎዳ ብለን በደግነት ስንዋሽ ኖረን፣ አሁን እውነት ስንናገር አፋችን ያው የድሮው አፍ ሆነ።

እዚህ ደግሞ ላልሞቱት አባመጫ ያልተለቀሰበት ቤት የለም። ባለፈው እሑድ ዜና ላነብ ስቀመጥ «ደህና አመሻችሁ» ስል አንዷ «ምን ልትነግረን ነው እንዲህ የለሰለሰችው?» ብላ ጻፈች። ማሪያ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩን ጣለችው። የአባስን ዶሮ እንኳ ትኩስ ነው ስላቸው አላመኑኝም። አባስ ተቀይሞኛል።

ማዳሟ ትኬቱን ቆርጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሙና ሻንጣዋን አሰናድታለች፤ ለሻፊ «ትምህርትህን ተወው፣ አያትህን ልንቀብር ነው» ብላ ልካለታለች። ልጁም ጅማ ሆኖ ምን ይበል፣ አያቱን ትናንት አይቶ መጥቷል።

ሪሀና፣ እናንተ የደበቃችሁት ነገር አለ። ሙና የሸተታት እሱ ነው፤ ስሙን ነው የሳተችው። እህትነታችንን አስቢና ንገሪኝ።

ሀዲያ


አጋሮ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሀዲያ፣

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቅደጂው። ፎቶውንም አጥፊው።

አባመጫ አግብተዋል።

አሁን ቁጭ በዪ። ያገቡት ፋጢማን ነው። ፋጢማ ማለት ወፍጮ ቤት ያላት፣ አጥር ለአጥር የምትጎራበታቸው፣ የሙና እናት በዚያው አጥር የተነሳ እስከ ሞቷ ድረስ ያኮረፈቻት ሴትዮ ናት። ሙና ልጅ ሆና በሙቀጫ ዘነዘና ያባረረቻትም እሷው ናት። ያንን አጥር አሁን አፍርሰው በር አወጡለት።

ስልክ ያላነሱት ሠርግ ላይ ሆነው ነው። ከዚያም ሙሽራ ሆነው። ዘመድ ተሰብስቦ ሙና ኮንትራቷን ጨርሳ እስክትመጣ አይነገራት ብሎ ወሰነ፣ እኔንም አስማሉኝ። አንቺ ስትጠይቂኝ ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝ የጣቢያችን ቃል ነው። እኔው የመሠረትኩት ደንብ ጉድ ሠራኝ።

ለአባመጫ እንደተለቀሰላቸው ነግሬያቸዋለሁ። ማን የበለጠ አለቀሰ ብለው ጠየቁኝ። ሩዝና ዶሮ እንደቀረበ ስነግራቸው «ለሠርጌ እንኳ ዶሮ አልታረደም» አሉ። ሲበዛ ደህና ናቸው፤ ማር ይበላሉ።

ግን ሙናን ይፈሯታል። «ሞቷል ብላ ብትመጣ ይሻላል ወይስ አግብቷል ብላ?» ብለው እኔን ያማክሩኛል። እኔ ምን አውቃለሁ።

እንዳትነግሪያት። አደራ።

ሪሀና


ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሪሀና፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ሰላም ከቀረሽ። ምን እንዳደረግኩ አጋሮ ሁሉ ስለሚያየን ቀድመሽ ሰምተሻል። እንዴት እንዳደረግኩት ግን ከእኔ ስሚው።

ቅዳሜ ቨርደን ሄጄ ለብቻዋ ልነግራት ሞክሬ ነበር። «ሙና፣ አንድ የምነግርሽ አለ» ስላት ጆሮዋን ያዘች። ለስላሳ ድምፅሽን አልሰማም አለችኝ። ማዳሟም «ፓርዶን፣ ሀዲያ፣ ልጅቷን ተያት» ብላ በር ድረስ ሸኘችኝ። የሙና ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል።

እሑድ ማታ ባዶውን ሳጥን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ማሪያ በረሮ አለበት አለች፤ እውነቷን ነው። ፊቴን አስገባሁ። እንደ ወትሮው ሴቶቹ ለየዘመዶቻቸው የሚልኩትን ሰላምታ አላነበብኩም። የአባስን ዶሮም ዘለልኩ። አባስ ከታች ሆኖ ያይ ስለነበር መብራቱን ቆረጠብን። ማሪያ በሻማ ቀረጸችኝ። እንዲህ አልኩ፦

«ይህ ዜና አይጣፍጥም፣ ማንንም ለማጽናናት አይደለም። የአጋሮው አባመጫ አልሞቱም። አልታመሙም። አግብተዋል። ያገቡት ፋጢማን ነው።»

ከዚያ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሙና ናት። ድምፁን ከፍቼ ቶሎ አነሳሁት።

«እትዬ ሀዲያ» አለችኝ፣ «ፋጢማን ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«የወፍጮዋን?»

«የወፍጮዋን።»

የማዳሟ ድምፅ ከኋላ ይሰማኛል።

«አጥሩስ?»

«በር ወጥቶለታል።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው አባቴ አልሞተም» አለች። «ሊያጽናና የፈለገ ሰው ይህን አይፈጥርም።»

ከዚያ አለቀሰች። ያለፈው ልቅሶ ከዚህ አይደርስም። አባቷን ሰደበች፣ ፋጢማን ሰደበች፣ አጎቷን፣ አንቺን፣ እኔን፣ ጣቢያውን ሰደበች። ሁሉም በስርጭት ወጣ፤ ማሪያ ማጥፋት ረስታ ነበር። በመጨረሻ «እዚያ ቤት ገብቼ የፋጢማን እንጀራ ልበላ? እምቢ! እዚሁ ኮንትራቴን እጨርሳለሁ» አለች። ማዳሟ ትኬቱን ልትመልስ ነው። ሻፊም ወደ ክፍሉ ተመልሷል።

አደራሽን በልቻለሁ። ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አልጠይቅሽም፤ ገና ነው። ባደረግኩት ግን አልጸጸትም።

ሀዲያ


አጋሮ
ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሀዲያ፣

ሦስት ቀን አኩርፌ ነበር። አሁን ደከመኝ።

አማቴ ዜናሽን በባሌ ስልክ፣ ግቢው መሃል፣ ለጎረቤት ሁሉ አሰሙት። ሙና ስትሳደብ ጎረቤቱ በየስድቡ «እውነቷን ነው» ይል ነበር። በማግስቱ ጠዋት አባመጫ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሊመቱኝ መስሎኝ ጓዳ ገባሁ። እሳቸው ግን ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ። «ከሠርጉ ጀምሮ ፋጢማን ከቤት አላስወጣትም ነበር፣ ወፍጮው ቆሟል፣ አሁን ግን ደብቄ አልኖርም፣ ተገላገልኩ» አሉ። ፋጢማም ያኔውኑ ወጥታ ወፍጮዋን አስነሳች።

ግን አንድ ነገር ይለምኑሻል። በሞታቸውም በሠርጋቸውም ስማቸው ቤይሩት ተነሥቷል። በሰላምታው ጊዜ ግን «ለአጋሮ አባመጫ» ሲባል ሰምተው አያውቁም። ሙና ልካላቸው አታውቅም። ከሙና የሆነ ሰላምታ በእናንተ ጣቢያ ከሰሙ ቢሞቱም አይቆጫቸውም። ፋጢማንም ጨምሪያት ይላሉ። እኔ ይህን ለሙና አትንገሪ እላለሁ፤ አንቺ እንደሆነ ግን አትሰሚኝም።

ሪሀና


ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ
ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ሪሀና፣

ሰላምሽ ስለተመለሰልኝ አልሐምዱሊላህ። ከአባስ ጋር ታርቀናል፤ ዶሮው ከሞት ዜና በፊት እንጂ በኋላ አይነበብም ብለን ተስማምተናል። ማሪያ ግን ጉንፋን ይዟታል። በስርጭት ከመናገሬ በፊት ስልኩ ፊት አቁሜ እንድትስል አደረግኳት፤ ሳሏን ሰምተው ሁሉም አመኑ። አዲሱ ደንባችን ይህ ነው። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ።

የአባመጫን ልመና ለሙና ነገርኳት። ለስላሳ ድምፅ አልተጠቀምኩም። ትናንት ልንጀምር ስንል መልእክት ላከች። እንደጻፈችው አነበብኩት፤ ያየሽው ይሆናል፣ ካላየሽው ግን ይኸው፦

«ለአጋሮው አባመጫ፣ ልጅህ ሙና ከቨርደን ሰላም ትልሃለች። ሌላ ኮት እልክልሃለሁ፣ ያንን ጣለው። ያቺንም ሰላም በላት፤ ስሟን ግን አልጠራም።»

ሀዲያ